ጥሩ ወለድ የሚከፍል ሲዲ አፈላለግና አያያዝ

ሲዲ፣ በሙሉ ስሙ ሰርተፍኬት ኦፍ ዲፖዚት፣ አስቀማጩ ገንዘቡን ለተወሰነ ጊዜ ላያወጣ፣ ባንኩም በመጀመሪያው ቀን የተስማሙበትን ወለድ ጊዜው እስኪያልቅ ላይቀንስ የሚዋዋሉበት የአሜሪካ ባንኮች ተቀማጭ ነው። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። የኢትዮጵያ ባንኮች የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከሚሉት ሒሳብ ጋር በመሠረቱ አንድ ቢሆንም አንድ ትልቅ ልዩነት አለው። አዲስ አበባ ላይ ጠቀም ያለ ገንዘብ የያዘ ደንበኛ ከባንኩ ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ ወለዱን ሊያስጨምር ይችላል። በአሜሪካ ግን ተራ አስቀማጭ የሚያገኘው ዋጋው እንደተለጠፈበት የሱቅ ዕቃ አስቀድሞ የተቆረጠውን ነው። የድርድር ቦታ ስለሌለ ትርፉ ያለው ከባንክ ባንክ እየዞሩ በማወዳደር ላይ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው የወቅቱን ገበያ በማወቅ ነው። የሲዲ ወለድ የሚከተለው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ማለትም ፌደራል ሪዘርቭ፣ የሚወስነውን የወለድ ምጣኔ ነው። ይህ ምጣኔ ዜሮ አካባቢ በቆየበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጸደይ እስከ 2022 መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ አብዛኛው ሲዲ አንድ በመቶ እንኳ አይከፍልም ነበር። በ2023 አጋማሽ ምጣኔው ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ሲደርስ ከአምስት በመቶ በላይ የሚከፍሉ የአንድ ዓመት ሲዲዎች በየቦታው ታዩ። በ2024 መጸው መቀነስ ጀምሮ 2025 ሲያልቅ ከ3.50 እስከ 3.75 በመቶ ላይ ደረሰ፤ ሲዲውም አብሮ ወረደ። ስለዚህ ጓደኛ ካቻምና ያገኘው አምስት በመቶ ለዛሬ መለኪያ አይሆንም። የዛሬው መለኪያ ፌደራል ሪዘርቭ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ጥሩ የሚባል የአንድ ዓመት ሲዲ ብዙ ጊዜ ከዚያው ቁጥር ብዙም አይርቅም። ከገበያው ሁለት በመቶ አብልጦ እከፍላለሁ የሚል ማስታወቂያ ሲገኝ ወይ ቅድመ ሁኔታ ተሸሽጎበታል፣ ወይ ነገሩ ሲዲ አይደለም።

የተቀማጭ መድን ድርጅቱ ኤፍ ዲ አይ ሲ በየወሩ የአገሪቱን አማካይ የሲዲ ወለድ ያወጣል። አማካዩ ብዙ ተቀማጭ ያላቸው፣ ግን ጥቂት የሚከፍሉ ትልልቅ ባንኮችን ስለሚጨምር በጣም ዝቅተኛ ነው። ከአማካይ በላይ መሆን ማለት ጥሩ መሆን ማለት አይደለም፤ ባንኮች ግን በማስታወቂያቸው ራሳቸውን ከዚህ አማካይ ጋር ማወዳደር ይወዳሉ።

የት ይፈለጋል?

በየመንደሩ ቅርንጫፍ ያላቸው ስመ ጥር ባንኮች መደበኛ ሲዲያቸው ብዙ ጊዜ ከ0.05 በመቶ አይበልጥም። ተቀማጭ ሳይለምኑ ስለሚመጣላቸው ከፍ አድርገው የሚከፍሉበት ምክንያት የላቸውም። ቅርንጫፍ የሌላቸው፣ በስልክና በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ባንኮች ግን ገንዘብ መሳብ የሚችሉት በወለድ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፦ 20,000 ዶላር በ0.05 በመቶ ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ 10 ዶላር ይወልዳል፤ በ4 በመቶ 800 ዶላር። በአንጻሩ ከ4 በመቶው ወደ 4.10 በመቶ ለመሸጋገር መድከም ዓመቱን ሙሉ የሚያስገኘው 20 ዶላር ነው። የመጀመሪያውን እርምጃ አለመራመድ ሞኝነት ነው። ሁለተኛውን ማሳደድ ግን፣ ለትንሽ ብልጫ በየሦስት ወሩ አዲስ ሒሳብ የሚከፍቱ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ ከጥቅሙ ድካሙ ያመዝናል።

ሁለተኛው መፈለጊያ ክሬዲት ዩኒየን ነው። እዚያ ሲዲው የአክሲዮን ሰርተፍኬት፣ ወለዱም ዲቪደንድ ይባላል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። አባል መሆን ግድ ይላል፤ አባልነቱ በመኖሪያ አካባቢ፣ በመሥሪያ ቤት፣ አንዳንዴም ለአንድ ማኅበር በሚሰጥ አነስተኛ መዋጮ ይገኛል። ታክሲ ነጂም ሆነ ነርስ፣ በሚሠራበት ወይም በሚኖርበት ካውንቲ ያለውን ክሬዲት ዩኒየን ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም፤ አንዳንዶቹ አዲስ አባል ለመሳብ ከኢንተርኔት ባንኮችም በላይ ይከፍላሉ።

ሦስተኛው እንደ ፊዴሊቲ፣ ሽዋብና ቫንጋርድ ባሉ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች በኩል የሚሸጠው ሲዲ ነው። የብዙ ባንኮችን ሲዲ በአንድ መስኮት አሰልፎ ስለሚያሳይ ለማወዳደር ያመቻል፤ በአብዛኛው በ1,000 ዶላር ብዜት ይገዛል። ሁለት ነገሮች ግን ከመደበኛው ይለዩታል። አንደኛ፣ ቅጣት ከፍሎ ማፍረስ የሚባል ነገር የለም፤ ገንዘቡ ቀድሞ ካስፈለገ ሲዲውን ለሌላ መሸጥ ያስፈልጋል፣ በመሀል የገበያው ወለድ ከጨመረ ደግሞ የሚሸጠው በኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ባንኩ ሲፈልግ ከቀኑ በፊት ከፍሎ የሚዘጋው ዓይነት ነው። የገበያው ወለድ ሲወርድ ባንኩ ይዘጋዋል፣ ሲወጣ አስቀማጩን አስሮ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሲዲ የሚጨመረው ጥቂት ወለድ ሥጋቱን የሚክሰው ከስንት አንዴ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ባንኮች ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ፦ የወለድ ምጣኔና ኤ ፒ ዋይ። ኤ ፒ ዋይ ወለዱ ራሱ እየወለደ በዓመት የሚያስገኘውን ጠቅላላ ትርፍ ያሳያል። በየቀኑ የሚታሰብ 4.00 በመቶ ወለድ ኤ ፒ ዋይው 4.08 ነው። በ1991 የወጣው የቁጠባ ግልጽነት ሕግ ሁሉም ባንክ ኤ ፒ ዋይን በአንድ ዓይነት ስሌት እንዲያሳውቅ ስለሚያስገድድ፣ መወዳደር ያለበት ይህ ቁጥር ከሌላው ባንክ ተመሳሳይ ቁጥር ጋር ብቻ ነው። ከዚያ በትናንሽ ፊደል የተጻፈው ይነበባል። ዝቅተኛው ተቀማጭ ስንት ነው? ወለዱ የሚሰጠው ከሌላ ባንክ ለሚመጣ አዲስ ገንዘብ ብቻ ነው? የቼኪንግ ሒሳብ መክፈት ግዴታ አለው? የቼኪንግ ሒሳቡ ወርኃዊ ክፍያ ካለው ያ ክፍያ ከወለዱ ላይ ተቀንሶ ነው መታሰብ ያለበት፤ በወር 12 ዶላር የሚያስከፍል ሒሳብ በዓመት 144 ዶላር ይበላል።

የጊዜ ርዝመት

ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልግ መወሰን ከወለዱ ይቀድማል። ለሚቀጥለው ዓመት የቤት ቅድመ ክፍያ፣ ለልጅ የኮሌጅ ክፍያ፣ ወደ አገር ቤት ለሚደረግ ጉዞ የታሰበ ገንዘብ ከዚያ ቀን አልፎ መታሰር የለበትም። ዕቁብ የደረሰው ሰውም እንደዚሁ፤ ዕጣው እንደወጣ ሙሉውን ገንዘብ ሲዲ ውስጥ ከቶ ቀሪውን ዙር ከየት እንደሚከፍል የሚጨነቅ ሰው ሥራውን ከመጨረሻው ጀምሯል። ለድንገተኛ ችግር የሚያዝ የጥቂት ወራት ወጪ ደግሞ ከናካቴው ሲዲ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቦታው ጥሩ ወለድ የሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ነው።

ረጅም ጊዜ ሁልጊዜ የተሻለ ይከፍላል የሚለው ግምት አያስኬድም። በ2023 እና በ2024 የአንድ ዓመት ሲዲ ከአምስት ዓመቱ የበለጠ ይከፍል ነበር፤ ባንኮቹ ወለዱ እንደሚወርድ ጠብቀው ስለነበር ለረጅም ጊዜ መዋዋል አልፈለጉም። ያኔ ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ አጭሩን የመረጠ ሰው በማደሻው ቀን ያገኘው ብዙውን ጊዜ ያነሰ ወለድ ነው።

ወለድ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ የተለመደው መፍትሔ ገንዘቡን መከፋፈል ነው። 20,000 ዶላር ያለው ሰው 5,000 ለሦስት ወር፣ 5,000 ለስድስት፣ 5,000 ለዘጠኝ፣ 5,000 ለአሥራ ሁለት ወር ያስገባል። እያንዳንዱ ቀኑ ሲደርስ ለአንድ ዓመት ይታደሳል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሁሉም የአንድ ዓመት ሲዲ ይሆናል፤ በየሦስት ወሩም 5,000 ዶላር ከነወለዱ እጅ ይገባል። ወለዱ ቢወርድ በአንድ ጊዜ የሚጎዳው ሩቡ ብቻ ነው፤ ቢወጣም ሩቡ በቶሎ ይደርስበታል።

ቅጣት

ከቀኑ በፊት ማውጣት ያስቀጣል፤ የቅጣቱ መጠን ከባንክ ባንክ የሚለያየው ከወለዱ ባልተናነሰ ነው። የፌደራል ደንብ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ብቻ ነው፦ ገንዘቡ በገባ በስድስት ቀን ውስጥ ከወጣ ቢያንስ የሰባት ቀን ወለድ። ከዚያ በላይ ያለው ለባንኩ ተትቷል። ለአንድ ዓመት ሲዲ የ90 ቀን ወለድ የተለመደ ነው፤ ለአምስት ዓመት አንዱ ባንክ 150 ቀን ሲል ሌላው የአንድ ዓመት ወለድና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ቅጣቱ ዋናውን ገንዘብም ሊነካ ይችላል። 20,000 ዶላር በ4 በመቶ ለአንድ ዓመት ያስገባ ሰው በ60ኛው ቀን ቢያወጣ እስከዚያ የወለደው 131 ዶላር ገደማ ሲሆን የ90 ቀኑ ቅጣት ግን 197 ዶላር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከራሱ ገንዘብ ላይ ይቆረጣል። በዚህ ምክንያት ሁለት ባንኮች የተቀራረበ ኤ ፒ ዋይ ሲሰጡ፣ በተለይ ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነ ሲዲ፣ ቅጣቱ ያነሰውን መምረጥ ብልህነት ነው። አንዳንድ ባንኮች ያለ ቅጣት የሚፈርስ ሲዲ አላቸው፤ ወለዱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን ቀኑን እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ያ ዝቅታ የሚቆጭ አይደለም። የተከፈለ ቅጣት በገቢ ግብር ቅጽ ላይ ከገቢ እንደሚቀነስም ብዙ ሰው አያውቅም።

ደኅንነት

ኤፍ ዲ አይ ሲ በአንድ ባንክ፣ በአንድ የባለቤትነት ዓይነት፣ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና ይሰጣል። በባልና ሚስት የጋራ ስም የተያዘ ከሆነ እስከ 500,000 ይሸፈናል። ለክሬዲት ዩኒየኖች ተመሳሳዩን ዋስትና የሚሰጠው ኤን ሲ ዩ ኤ ነው። ከኢንቨስትመንት ድርጅት የተገዛ ሲዲ አስቀማጩ በዚያው ባንክ በቀጥታ ካለው ገንዘብ ጋር ተደምሮ ይቆጠራል።

ዋስትናው የሚሸፍነው የባንክ ውድቀትን ነው። በ2024 ሲናፕስ የተባለው፣ በስልክ መተግበሪያዎችና በባንኮች መካከል ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት ሲከስር ከ100,000 በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ታግዶባቸዋል። የወደቀው ባንክ ስላልነበረ ኤፍ ዲ አይ ሲ አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክ በፊት የባንኩ ሕጋዊ ስም ባንክፋይንድ በተባለው የኤፍ ዲ አይ ሲ መፈለጊያ ይጣራል፤ እዚያ የተመዘገበው የድረ ገጽ አድራሻም ሰውየው ከተከፈተለት ገጽ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከራል። የእውነተኛ ባንኮችን ስም ለብሰው ሲዲ የሚሸጡ የሐሰት ገጾች አሉና። ሌላው ወጥመድ ለአጭር ጊዜ እጅግ ከፍ ያለ ወለድ አስተዋውቆ አስቀማጩን ወደ ቢሮ የሚጠራው ነው። ቢሮው የሚፈልገው አኑዊቲ የተባለውን፣ ለዓመታት የሚያስር የኢንሹራንስ ውል መሸጥ ነው።

ግብርና ሌሎች ሒሳቦች

የሲዲ ወለድ እንደ ደመወዝ ገቢ ይታያል፤ ፌደራል መንግሥቱም አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶችም ግብር ይጥሉበታል። ወለዱ 10 ዶላር ከሞላ ባንኩ 1099 አይ ኤን ቲ የተባለውን ቅጽ ይልካል። ቅጹ ባይመጣም ወለዱን ማስታወቅ ግዴታ ነው። ሲዲው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ግብሩ ገንዘቡ እስኪወጣ አይጠብቅም፣ በየዓመቱ ይታሰባል።

መንግሥት የሚሸጠው የአጭር ጊዜ ቦንድ፣ ትሬዠሪ ቢል፣ ከክፍለ ግዛት ግብር ነጻ መሆኑ ንጽጽሩን ይለውጠዋል። በ5.75 በመቶ ከፍተኛው የቨርጂንያ እርከን ውስጥ ያለ ሰው 4 በመቶ ከሚከፍል ሲዲ ከክፍለ ግዛቱ ግብር በኋላ የሚተርፈው 3.77 ነው፤ 3.90 የሚከፍል ትሬዠሪ ቢል ይበልጠዋል። በሜሪላንድ የካውንቲ ግብር ስለሚጨመር ልዩነቱ ይሰፋል። በቴክሳስ የክፍለ ግዛት ገቢ ግብር ስለሌለ እዚያ ሲዲው ያሸንፋል። ትሬዠሪ ቢል በመንግሥቱ በራሱ ድረ ገጽ ከ100 ዶላር ጀምሮ ይገዛል።

አረጋውያን ወላጆች ያሉበት ቤት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤስ ኤስ አይ የተባለውን ድጎማ የሚቀበል ሰው ሊኖረው የሚችለው ሀብት 2,000 ዶላር ነው፣ ለባልና ሚስት 3,000። ልጅ በቅንነት የእናቱን ስም ሲዲው ላይ በጋራ ቢያስገባ፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ገንዘቡ በሙሉ የእናቲቱ ተደርጎ ይቆጠርና ድጎማው ሊቋረጥ ይችላል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የአገር ቤት ባንኮች ወለድ ከፍ ማለቱን አይተው በዚያ ማስቀመጥ ያምራቸዋል። ስሌቱ ግን በዶላር መሠራት አለበት። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2024 ጥቂት ቀደም ብሎ 10,000 ዶላር በ57 ብር የመነዘረ ሰው 570,000 ብር አግኝቷል። በዓመት 10 በመቶ ቢወለድለት 627,000 ብር ይሆናል፤ ይህ ገንዘብ ዶላር በ120 ብር ሲመነዘር 5,225 ዶላር ነው። ዶላሩ ከዚያም በላይ ወጥቷል። ገንዘቡ አገር ቤት ለሚሠራ ቤት ከታሰበ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለወለዱ ሲባል ብቻ ግን የሚያዋጣ አልሆነም። በውጭ አገር ያሉት ሒሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ኤፍ ባር የተባለው ሪፖርት ለአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር መቅረብ አለበት።

መክፈትና ማደስ

ሒሳቡን ለመክፈት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ መታወቂያ፣ አድራሻና ገንዘቡ የሚመጣበት ባንክ ቁጥሮች ይበቃሉ። አብዛኛው ሲዲ አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ ተጨማሪ ስለማይቀበል ሙሉው ገንዘብ በባንኩ የጊዜ ገደብ ውስጥ መግባት አለበት። ወለዱ የሚጸናው ከማመልከቻው ቀን ነው ወይስ ገንዘቡ ከገባበት ቀን የሚለውን መጠየቅ ይገባል፤ ዝውውሩ ጥቂት የሥራ ቀናት ስለሚወስድ በመሀል ወለዱ ሊቀየር ይችላል። ባለቤቱ ቢሞት ገንዘቡ በቀጥታ የሚተላለፍለት ሰው ስምም እዚያው ይሞላል። ይህን ቦታ ባዶ መተው ቤተሰብን ለፍርድ ቤት ውጣ ውረድ ይዳርጋል።

ከሁሉ ይበልጥ ገንዘብ የሚጠፋው ግን ሲዲው በሚያልቅበት ሳምንት ነው። አስቀማጩ ዝም ካለ ባንኩ ራሱ ያድሰዋል። ባንኮች ቀኑ ከመድረሱ በፊት ማስታወቂያ እንዲልኩ ደንቡ ቢያስገድድም፣ ደብዳቤው አዲሱን ወለድ ላይጠቅስ ይችላል፤ ገና አልተወሰነም ብሎ የስልክ ቁጥር ይሰጣል። በተለይ የሰባት፣ የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሦስት ወር ልዩ ሲዲ ከፍ ያለ ወለድ ይዞ የሚመጣው ደንበኛ ለመሳብ ነው። ሲያልቅ ግን ብዙ ጊዜ ወደ መደበኛው፣ ምንም ወደማይከፍለው ሲዲ ተገልብጦ ይታደሳል። መድኃኒቱ ሒሳቡ በተከፈተበት ዕለት የማብቂያውን ቀን ስልክ ላይ መዝግቦ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲያስታውስ ማድረግ፣ ባንኩ ከፈቀደም ገና ከመነሻው እንዳይታደስ ማዘዝ ነው። ቀኑ ሲደርስ አብዛኞቹ ባንኮች ከሰባት እስከ አሥር ቀን ያለ ቅጣት የማውጫ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ገበያውን እንደገና ማየትና ገንዘቡን ማዛወር የሚያስፈልገው በነዚህ ቀናት ነው።

ቀኖቹ ካለፉ በኋላ የነቃ ሰውም ዓመቱን ሙሉ ታስሬ ቀረሁ ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ቅጣቱ የሚሰላው በአዲሱ ወለድ ነው። 20,000 ዶላሩ በ0.05 በመቶ ለዓመት ከታደሰ የ90 ቀን ወለድ ማለት ሁለት ዶላር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ውሉ ላይ ዝቅተኛ የቅጣት መጠን ካልተጻፈ፣ ወይም የተጻፈው እንደ 25 ዶላር ያለ ትንሽ ገንዘብ ከሆነ፣ ያንን ከፍሎ በዚያው ቀን 4 በመቶ ወደሚከፍለው ባንክ መውሰድ የሁለት ሳምንት ወለድ እንኳ አይፈጅም።